የጠብታ ዋሻ ሹክሹክታ

ሸረፈዲን ከዋሻው የወጣው የኋሊት እየሮጠ ነበር። ፋኖሱን በአንድ እጁ፣ ባዶ ጆንያውን በሌላው እንደያዘ፣ ዓይኑን ከጨለማው ላይ ሳይነቅል፣ በተረከዙ እየተደናቀፈ መጥቶ ዋሻው አፍ ላይ ከሰው ጋር ተላተመ። ቅል ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰበረ። የፈሰሰው ውኃ የእግሩን ጣቶች አራሰው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች አንዲት ልጅ፤ «ፊትህ ያለው በየት በኩል ነው?»

ዞር አለ። የቀሚሷ ጫፍ ርሶ፣ የቅሉን አንገት ብቻ በእጇ ይዛ ቆማለች። ልትቆጣ ነበር፤ የፊቱን መገርጣት ስታይ ግን ቁጣው ጠፋባትና ከንፈሯን ነከሰች።

«ግድግዳው ላይ...» አለ ሸረፈዲን። «ግድግዳው ላይ አንድ...»

«ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ አልሰማሁህም።»

ይህን ቃል ሸረፈዲን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። ቁርአን ያስቀሩት ሼህ ብለውታል፣ ፊደል ያስቆጠሩት መምህር ብለውታል፣ አጎቱ ሙሄዲን ደግሞ በየቀኑ ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት እንኳ ድምፁ ከጉሮሮው ደጃፍ አልፎ መውጣት ይፈራ ነበር።

«ሸረሪት ነው፣» አለ እንደ ምንም። «መዳፌን ያህላል። ጅራፍ ይዟል።»

ልጅቱ እየሳቀች ተቀመጠች። «ባለጅራፉን አይተህ ነው? እሱማ የቤታችን ሰው ነው። እንደ ደንቡ አሰላሙ ዐለይኩም ብለህ ብትገባ ኖሮ መንገድ ይለቅልህ ነበር።»

ጊዜው ጥቅምት ፲፱፻፴ ዓ.ም. ነበር። ጣልያኖች ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደውን መንገድ እያሰፉ ስለነበር ከኮረብታው ሥር ቀኑን ሙሉ የካሚዮን አቧራ ይነሳል። የሸረፈዲን አጎት ሙሄዲን ቦርከና ወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ አለው። ጎመንና ቃሪያ ሲሸጥ ኖሮ፣ ደሴ የሰፈሩት ፈረንጆች ቲማቲም ሲያፈላልጉ አየና ቲማቲም ተከለ። መሬቱ ግን ደክሞ ነበር። የሌሊት ወፍ ኩስ የደከመ መሬት ያድናል ሲባል ሰማ፤ ጠያይቆም በባቲ መንገድ ካለችው ከደጋን በታች ባለው ደረቅ ኮረብታ ላይ ጠብታ ዋሻ የሚባል እንዳለ ደረሰበት። ከባለቤቱ ከአያ እንድሪስ ጋር ተስማማና የወንድሙን ልጅ ሁለት አህያ አስይዞ ላከው። ስለ ባለጅራፉ ግን ለሸረፈዲን የነገረው ሰው አልነበረም።

ልጅቱ የአያ እንድሪስ ልጅ ጣይባ ነበረች። አባቷ ከዋሻው አፍ ራቅ ካለ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃጫ ይገምዱ ነበርና ከሩቅ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?»

«ቅሉ ነው አባዬ። እንግዳው ባለጅራፉን አይቶ ነው።»

«በይ እንግዲያው አስተዋውቂው፣» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ያ ኮረብታ ከግራርና ከእሬት በቀር የሚያበቅለው የለውም። በበጋ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። ዋሻው ውስጥ ግን የክረምቱ ዝናብ በዐለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ ሰርጎ እስከ ሰኔ ድረስ ጠብ ጠብ ይላል። ከጠብታው ሥር እንስራዎች ተደርድረዋል። የእነ ጣይባ ቤት የሚጠጣው ከዚያ ነበር።

ዋሻው ውስጥ ገብተው ከብርሃኑ ራቅ እንዳሉ ጣይባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እዚህ ውስጥ አይጮህም። የሌሊት ወፎቹ ከተረበሹ ጥለውን ይሄዳሉ። አያቴም እዚህ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚያወራው፤ አባቴም እንዲሁ።»

ሸረፈዲን ቆም አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሱ ድምፅ ልክ የሆነበት ቦታ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ማን... ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀ።

«ማ? እሱ ወይስ እኔ?»

የፋኖሱ ብርሃን ደብዛዛ መሆኑ በጀው እንጂ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። «ሁለታችሁም።»

«እሱ ባለጅራፍ ነው፤ እኔ ጣይባ። እሱን አስቀድመህ ያየኸው መሆኑን ግን አልረሳልህም።»

ፋኖሱን ከእጁ ወስዳ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ባለጅራፉ ቡናማ ቁራሽ ጨርቅ ይመስል ከዐለቱ ጋር ተለጥፏል። ከፊቱ እንደ ግራር ቅርንጫፍ እሾህ የሞላባቸው ሁለት ክንዶች አጥፏል። ከእነርሱ ኋላ የወጡት ሁለት እግሮቹ እንደ ክር ቀጥነው፣ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ረዝመው፣ አየሩን ቀስ እያሉ ይዳስሳሉ።

«እነዚህ አይራመዱም፣» አለች ጣይባ ወደ ክሮቹ እየጠቆመች። «ለመንካት ብቻ ናቸው። የሚራመደው በቀሩት ነው፤ ያውም ወደ ጎን። በጨለማ ዓይን ምን ያደርግለታል? በክሩ ነው ዓለምን የሚያውቀው።»

«መርዝ አለው?»

«ቢኖረው እኔ እስካሁን ስንቴ በሞትኩ! መርዝ የለው፣ ድር አያደራ። መርዛሙ ጊንጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ደጅ ነው ያለው፣ ድንጋይ ሥር። ይኼ ፌንጣ ብቻ ነው የሚይዘው።» ከእግሯ ሥር ክንፍ የሌላቸው ገርጣ ያሉ የዋሻ ፌንጦች በኩሱ ላይ ይዘልላሉ። «እነሱ ኩሱን ይበላሉ፣ እሱ እነሱን ይበላል። እሱ ባይኖር ፌንጣው ተባዝቶ እንስራችን ውስጥ እየዘለለ በሞተ፤ ውኃውም በሸተተ።»

«ኩሱን ሁሉ ጠርጌ ብወስደውስ?»

«እሱማ ዋሻው በረሃብ ያልቃል። ስለዚህ ከግራ ብቻ ዛቅ። ግራው ሲሳሳ ወደ ቀኝ ትዞራለህ፤ ግራው እስኪሞላ ቀኙን አትጨርስም። እንዲህ ነው የእኛ ደንብ።»

ሸረፈዲን ራሱን ነቀነቀ። እርሷ ስታወራ የአፏን እንቅስቃሴ ሲያይ ቆይቶ ባለጅራፉን መፍራቱን ረስቶት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ መጣ። ሁለት ጆንያ ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ እርሱ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር የሚመለሰው።

«ምን ስትሠራ ዋልክ?» ይለዋል ሙሄዲን።

«ዋሻው ጨለማ ነው አጎቴ።»

«ጨለማውንም እየዛቅክ ነው እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ከመዛቁ ይልቅ ማየቱና ማውራቱ ይበልጥ ነበር። ደጅ ሲሆኑ ሸረፈዲን ከሰላምታ በላይ ቃል አይወጣውም። አያ እንድሪስ ቃጫቸውን እየገመዱ አንድ ነገር ሲጠይቁት አንገቱን ብቻ ያወዛውዛል። ከጠብታው ድምፅ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ንግግሩ ይፈታል። ስለ ቦርከና ውኃ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ በልጅነቱ እናቱ ሞታ አጎቱ እንዳሳደገው ነገራት። ጣይባም የራሷን ነገረችው። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ነበር የሚስቁት። አያ እንድሪስ ከደጅ ሆነው ምንም አይሰሙም፤ ግን አልፎ አልፎ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጣይባ በጣቷ ጠራችው። ሁለት ባለጅራፎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ወንዱ አንድ ክሩን ዘርግቶ የሴቷን ክር ነካ አደረገ። ሸሸች። አልተከተላትም። ቆየት ብሎ ደግሞ ዘረጋ፤ ጫፉን ብቻ ነካ፣ ሰበሰበ፣ ጠበቀ። ዘረጋ፣ ጠበቀ።

ሸረፈዲን ፋኖሱን ዝቅ አደረገው። ሁለቱም በእንብርክክ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩ። ጠብታው ይወድቃል። ከላይ የሌሊት ወፎች በእንቅልፋቸው ሲንሿሹ ይሰማል።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እያለማመዳት።»

«እንዲህ ቀስ ብሎ?»

«ቢቸኩልማ ክንዷን አይተኸዋል? ትበላዋለች።»

ወንዱ ደግሞ ነካት። አሁን ሴቷ አልሸሸችም። የራሷን ክር ዘርግታ የእርሱን ዳሰሰች።

«ልብ በል፣» አለች ጣይባ ዓይኗን ከድንጋዩ ሳታነሳ፤ «ቀስ ይላል እንጂ ዝም ብሎ አልቀረም። እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ኩስ ብቻ ዝቆ የሚመለስ።»

ሸረፈዲን መልስ ፈለገ። ብዙ ፈለገ። ያገኘው ግን፦

«ፋኖሱ ጋዝ ሊያልቅበት ነው፣» የሚል ብቻ ነበር።

ጣይባ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ መዳፏን በአፏ ላይ ጭና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንዱ ባለጅራፍ ድንጋዩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አኑሮ ሴቷን ወደዚያ መራት፤ እርሷም ዝቅ ብላ ዘሩን አነሳች። ይህን ግን ያየ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በዋሻው ኩስ ያደገው የመጀመሪያው ቲማቲም ቀላ። ሸረፈዲን ትልቁን መርጦ በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣላት። ጣይባ ቲማቲም በልታ አታውቅም ነበርና እንደ ኮክ ገመጠችው፤ ውኃው ፈንድቶ በሸሚዙ ላይ ተረጨ።

«ይኼ ነው የኛ ኩስ?» አለች አገጭዋን እየጠረገች።

«አዎ። ትንሽ... ተለውጦ።»

«ማሻአላህ! የሌሊት ወፎቹ ቢቀምሱት አያምኑም።» ግማሹን ለአባቷ ወሰደችላቸው። አያ እንድሪስ ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩና «ፈረንጅ ለዚህ ነው አገር አቋርጦ የመጣው?» አሉ።

ጥር ሲገባ ሴቷ ባለጅራፍ ከሆዷ ሥር እንቁላሎቿን እንደ ከረጢት ይዛ ታየች። ከስንጥቋ ብዙም አትወጣም፤ ከእርጥቡ ዐለት ላይ ጠብታ ትጠጣለች፣ ፌንጣ ሲቀርባት ብቻ ክንዷን ትዘረጋለች። በዚያው ሰሞን ሸረፈዲን ከአጎቱ ጋር ቲማቲም ሊሸጥ ደሴ ወጣ። ሰኞ ገበያ ላይ ሰው እየተጋፋው ከአንዲት ጨርቅ ሻጭ ፊት ቆሞ ቀይ ሻሽ አየ። ዋጋውን ለመጠየቅ ሲያቅማማ ሴትዮዋ «ወንድም፣ ለእናትህ ነው ለሚስትህ?» ብላ ጮኸችበት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው መሰለው። ቶሎ ከፍሎ ሸሸ።

ሻሹን ግን መስጠት አልቻለም። አጎቱ እንዳያይበት ከኩስ ጆንያው ሥር አጣጥፎ ደበቀው። በየሐሙሱ ዋሻው ድረስ ይወስደዋል፤ በየሐሙሱ ይመልሰዋል።

በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ኮረብታው ነደደ፤ ዋሻው ግን ማንጠብጠቡን አላቆመም። ሚያዝያ ላይ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ነጭ ማሽላ የሚያካክሉ ልጆች በእናታቸው ጀርባ ላይ ተደራርበው ወጡ።

«የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ከዚያ አይወርዱም፣» አለች ጣይባ። «ቀድሞ የወደቀ ተመልሶ አይወጣም። እናቱም አታነሳውም።»

«ሲወርዱ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እኔም። አብረን እንያቸው።»

«አብረን፣» አለ ሸረፈዲን። ቃሉ በጨለማው ውስጥ ሞቅ ብሎ ቆየ።

ያን ዕለት ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ ቆረጠ። አጎቱን «ጣይባን ለትዳር እፈልጋታለሁ፤ ሽማግሌ ላክልኝ» ሊለው ነው። ዐረፍተ ነገሩን ከአህዮቹ ኋላ እየሄደ መንገዱን ሙሉ አጠናው፤ አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ። አህዮቹ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዙረው ሰሙት። ቤት ደርሶ ጭነቱን ሲያራግፍ ግን ጎኑ እንደ እሳት ነደደው። ሸሚዙን ቢገልጥ፣ ከጀርባው እስከ ሆዱ ድረስ እንደ ቀበቶ የዞረ ቀይ ሽፍታ ውኃ ቋጥሯል።

ሙሄዲን ጎረቤቱን እማ የኔነሽን ጠራ። እማ የኔነሽ ማተባቸው የጠቆረ፣ መድኃኒት በማወቃቸውም ሆነ በምላሳቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ባልቴት ናቸው። ገና ከበሩ ሆነው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አልማዝ ባለጭራ! እኔ አውቀዋለሁ። ሸረሪት ስትሸና ነው የሚወጣው። ሁለቱ ጫፎች ዞረው ከገጠሙ አለቀ። ምን ዓይነት ሸረሪት ካለበት ነው የዋልከው አንተ ልጅ?»

«የዋሻው ነዋ!» አለ ሙሄዲን ራሱን ይዞ። «እኔ ነኝ የላክሁት!»

«አይ... እሱ አይደለም...» አለ ሸረፈዲን። ማንም አልሰማውም።

ወሬው ኮረብታው ላይ ሲደርስ አያ እንድሪስ ማር ይዘው ኮምቦልቻ ድረስ ወረዱ። ማሩን ለእማ የኔነሽ ሰጥተው ከመኝታው አጠገብ ተቀመጡ።

«የሰው ልጅ አምኖ ቤቴ ገብቶ፣» አሉ፤ «ዋሻዬ በላው። ይኼን ለአላህ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሐሙስ ዋሻውን በበርበሬና በእርጥብ እንጨት አጥነዋለሁ። ውስጡ ያሉት ሁሉ ካለቁ በኋላ በድንጋይ እገጥመዋለሁ። እማ የኔነሽ፣ ጭሱን እርስዎ ያውቁበታል፤ ይምጡልኝ።»

«ውኃውስ?» አለ ሙሄዲን።

«እኔ ከከብቶቼ ጋር ወደ ወንዝ እወርዳለሁ። ጣይባን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለችው እኅቴ መርየም ትወስዳታለች። እሷ እንደሆነ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አግኝቼላታለሁ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማለች።»

ሸረፈዲን ተነስቶ ተቀመጠ። «አያ እንድሪስ... እኔ...»

«ተኛ ልጄ፣ አትድከም፣» አሉና በመዳፋቸው ትከሻውን መልሰው አስተኙት። ደግ መዳፍ ነበር። ደግነቱ ነው ይበልጥ ያስጨነቀው።

ሐሙስ ዕለት ሙሄዲን ቢቆጣም ሸረፈዲን ጎኑን በጨርቅ አስሮ አብሮ ሄደ። እማ የኔነሽ በአንደኛው አህያ ላይ ተቀምጠው ሥራ ሥርና ቅጠላቸውን ይዘው ነበር። ሲደርሱ ዋሻው አፍ ላይ እንጨት ተከምሯል፤ ቀይ በርበሬ በቁና ቀርቧል፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቧል። ጣይባ ጀርባዋን ለዋሻው፣ ፊቷን ለሰዉ አድርጋ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ልጄ፣ ከዚያ ውጪ፣» ይላሉ አያ እንድሪስ።

«ልጆቿ ገና አልወረዱም አባዬ።»

«የማን ልጆች ናቸው?» አሉ እማ የኔነሽ ከአህያው ሳይወርዱ።

«የባለጅራፏ።»

«ኡኡቴ! የሰው ልጅ እየተቃጠለ የሸረሪት ልጅ ታሳዝናታለች!»

ጣይባ በሰዉ መካከል ሸረፈዲንን አየችው። ዓይኗ የጠየቀው ግልጽ ነበር።

«አያ እንድሪስ፣» አለ ሸረፈዲን።

ሰዉ ይንጫጫል። አንዱ ክብሪት ይፈልጋል።

«አያ እንድሪስ...»

«ድምፅህን ከፍ አድርግ እንግዲህ!» አለ ሙሄዲን ተናዶ።

ሸረፈዲን እጅጌውን ሰብስቦ፣ በጣይባ ክንድ ሥር ዝቅ ብሎ አልፎ ዋሻው ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ወጣ። የፊተኛው ትልቁ ወንድ ባለጅራፍ፣ ያ የኋሊት ያስሮጠው፣ ራቁት ክንዱ ላይ ተለጥፏል።

የቆመው ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሸ። እማ የኔነሽ አህያውን አዞሩ።

«ይኸው!» አለ ሸረፈዲን።

ሰዎቹ ማን እንደተናገረ ለማየት ዙሪያቸውን ቃኙ። ድምፁ ወፍራምና ሙሉ ነበር፤ ከኮረብታው ማዶ ተመልሶ ተሰማ።

«ይኸው! ቢሸና ይሽናብኝ! ከጥቅምት ጀምሮ አብሬው ነኝ። ጣይባ ደግሞ መራመድ ከጀመረች ጀምሮ በየቀኑ ከዚህ ውኃ ትቀዳለች። አንድ ጠባሳ አላት?»

«የለኝም!» አለች ጣይባ።

«እማ የኔነሽ! እርስዎ አምና ባለጭራ ወጥቶብዎት አልነበረም?»

«ወጥቶብኝ ነበር፤ ምልክቱም አለ።»

«እዚህ ዋሻ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ማርያምን! በሩንም ያየሁት ዛሬ ነው!»

«ታዲያ እርስዎ ላይ ማን ሸናብዎት?»

«ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት!» አሉ እማ የኔነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ራሳቸው እማ የኔነሽም ሳቁ።

ሸረፈዲን ሸሚዙን ገለጠ። ሽፍታው መድረቅ ጀምሯል፤ ሁለቱ ጫፎችም አልተገናኙም። «በሽታው በሽታ ነው፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከዚህ እንዳልመጣ ግን አውቃለሁ። ይኼን ብትገድሉት ፌንጣው እንስራችሁን ይሞላዋል። ጭሱ የሌሊት ወፎቹን ቢያባርር ደግሞ ፌንጣውም ያልቃል። ዋሻው ባዶ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ እኔን አያድነኝም።»

አያ እንድሪስ ገመዳቸውን እንደያዙ ቆመው አዩት። ባለጅራፉ ከብርሃኑ ሊሸሽ ፈልጎ ረጅሙን ክሩን አነሳ፤ አየሩን ዳሰሰ፣ ዳሰሰና የጣይባን እጅ አንጓ ነካ። ጣይባ ቀረብ አለች። መዳፏን ከመዳፉ ጎን አስጠግታ አጋጠመችለት። ባለጅራፉ ወደ ጎን እየተራመደ፣ ከእርሱ ክንድ ወደ እርሷ ክንድ፣ በሁለቱ እጆች ላይ እንደ ድልድይ ተሻገረ።

ሁለቱም ባለጅራፉን አያዩም ነበር።

«ሸረሪቱ ተሻግሯል፣» አሉ እማ የኔነሽ ከአህያው ላይ ሆነው፤ «የልጁ እጅ ግን አልተመለሰም።»

«ሸረፈዲን፣» አሉ አያ እንድሪስ።

«አቤት።»

«ይህን ድምፅ የት ደብቀኸው ኖሯል?»

«እኔ እንጃ።»

«ሌላ የቀረህ ነገር ካለ አሁን በለው።»

ከአህዮቹ ኋላ ያጠናው ዐረፍተ ነገር ትዝ አለው። አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ ነበር ያጠናው፤ አሁን የወጣው ከፍ ያለው ነበር።

«አለ! ጣይባን ለትዳር እፈልጋታለሁ! ሽማግሌ እልካለሁ!»

ጩኸቱ ዋሻው ውስጥ ገብቶ አስተጋባ። ጣሪያው ሁሉ ተነቃነቀና የሌሊት ወፎቹ በጠራራ ፀሐይ እንደ ጥቁር ጢስ ተግተልትለው ወጡ። ሰዉ ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ። አህያው እማ የኔነሽን እንደተሸከመ ሮጠ።

«ቀስ በል እንጂ!» አለች ጣይባ ባለጅራፉን በደረቷ ጥላ ሥር እየከለለች። «እዚህ አይጮህም አላልኩህም?» ዓይኗ ግን በእንባና በሳቅ ሞልቶ ነበር።

ሙሄዲን ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ሽማግሌ? ለእኔ መቼ ነገርከኝ?»

«ለአህዮቹ ነግሬያቸው ነበር፣» አለ ሸረፈዲን፤ ድምፁ ወደ ድሮው ተመልሷል።

አያ እንድሪስ የሌሊት ወፎቹን ሽቅብ ተመለከቱ። «ሲመሽ ይመለሳሉ፣» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ክብሪት ወደያዘው ሰው ዞሩ። «እንጨቱን አትለኩሰው። ለሠርጉ ይሆነናል። በርበሬውንም።»

ሽፍታው በሁለት ሳምንት ጠፋ። ሽማግሌዎቹ በደንቡ ሄዱ፤ ሙሄዲን አንድ ቅርጫት ቲማቲም ይዞ ነበር። አያ እንድሪስም ፊታቸውን ሳያኮማትሩ በሉ። የልጆቹን መውረድ ሸረፈዲንና ጣይባ አብረው አዩ። የተገፈፈው ነጭ ቆዳ እናቲቱ ጀርባ ላይ ቀርቶ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ዐለቱ ወረዱ፤ እያንዳንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሁለት ክር ዘርግቶ ፊቱን እየዳሰሰ በየስንጥቁ ገባ። ያን ዕለት ሸረፈዲን ቀዩን ሻሽ ከጆንያው ሥር አወጣው።

ጣይባ አሸተተችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ጆንያው ውስጥ ያለው?»

«ከጥር ጀምሮ።»

«ወላሂ፣ ባይነግሩኝም የአንተ መሆኑን በጠረኑ አውቀዋለሁ፣» ብላ እዚያው አሰረችው።

አክስቷ መርየም ቅር እንዳይላት ኒካሁ ደሴ፣ ሆጤ፣ በእርሷ ቤት ሆነ። የሰኔ ጉም መስኮቱ ድረስ ወርዶ ነበር። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ጣይባን ከበዋት «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ይባባላሉ፤ ሙሽራዋ ቀዩን ሻሿን ታስተካክላለች እንጂ አትመልስም።

ከመጋረጃው ወዲህ ሼሁ የአያ እንድሪስንና የሸረፈዲንን እጅ አጨባብጠው ቃሉን አስደገሙ። አያ እንድሪስ ልጃቸውን መስጠታቸውን ተናገሩ። ተራው የሙሽራው ሆነ። ያ ሁሉ ዓይን ፊቱ ላይ አረፈ።

የሸረፈዲን ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«አልተሰማም ልጄ፣» አሉ ሼሁ ጆሯቸውን እያዘነበሉ።

ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ!» አለ ሙሄዲን ከኋላው።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የሴቶቹ ሹክሹክታ ቆም ባለበት፣ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«እኔ ሰምቼዋለሁ። ተቀብያለሁ ብሏል።»

ሼሁ ወደ መጋረጃው አዩ፣ ወደ ሙሽራው አዩ፣ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«እርሷ ከሰማችማ፣» አሉ እየሳቁ፣ «ፋቲሃ እንቅራ።»